ለፕሮፌሰሩ ከመጻፋችሁ በፊት፦ ወንበሩ አለ? ገንዘቡስ?

ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ወደ ውጭ ማመልከት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለፕሮፌሰር ኢሜይል እንዴት ይጻፋል?» ብሎ ነው። ይህ ከመሃል መጀመር ነው። መልስ አጥተው የሚቀሩት ኢሜይሎች ብዙዎቹ እንግሊዝኛቸው ስለደከመ አይደለም፤ ተማሪ ለማይወስድ ሰው ወይም በማይሆን ወቅት ስለተላኩ ነው።

በመጀመሪያ የገንዘቡን መንገድ እንይ። እኛ ዘንድ ስኮላርሺፕ ሲባል አንድ መሥሪያ ቤት አውጥቶት ተወዳድረን የምንይዘው ነገር ይመስለናል። አሜሪካ ውስጥ በሳይንስና በምህንድስና ዘርፍ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው የሚኖረው በአሲስታንትሺፕ ነው። ወይ ዲፓርትመንቱ በማስተማር እያገዘ ይከፍለዋል፣ ወይ ፕሮፌሰሩ ካገኙት የምርምር ግራንት፣ ማለትም ለአንድ ጥናት ከተሰጣቸው ገንዘብ ላይ ይከፍሉታል። በሁለተኛው መንገድ የትምህርት ክፍያው፣ ወርሃዊ አበሉና የጤና መድኑ ለዓመታት ከግራንቱ ይወጣል ማለት ነው። እናም «ስኮላርሺፕ እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ስትሏቸው እሳቸው የሚያነቡት «ለአራት አምስት ዓመት ይቅጠሩኝ» የሚል ነው። የሚቀጥር ሰው ደግሞ መጀመሪያ ኪሱን ያያል፣ ቀጥሎ «ይህ ልጅ ምን መሥራት ይችላል?» ይላል። ኢሜይሉ መመለስ ያለበት ይህንን ጥያቄ ነው።

መጻፉ ራሱ የሚያስፈልገው በሁሉም ዘርፍ አይደለም። በግብርና፣ በደን፣ በተፈጥሮ ሀብት፣ በሥነ ምህዳርና በውሃ ምህንድስና ብዙ ቦታ አድቫይዘር፣ ማለትም ጥናታችሁን የሚመራ ፕሮፌሰር፣ ሳይዙ ማመልከት የማመልከቻ ክፍያውን እንደ መጣል ይቆጠራል። ኮሚቴው ማርካችሁን ቢወደው እንኳ «እኔ እወስደዋለሁ» የሚል ሰው ከሌለ ፋይሉ ይዘጋል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂም ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው በአድቫይዘር ነው። ኢኮኖሚክስና ሒሳብ ግን በኮሚቴ ስለሚወሰኑ መጻፉ ባይጎዳም የሚጨምረው ትንሽ ነው። በባዮሜዲካል ዘርፍ ብዙ ፕሮግራሞች ተማሪዎችን በጅምላ ተቀብለው በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሦስት ላብ (በአንድ ፕሮፌሰር የሚመራ የምርምር ቡድን) ውስጥ ያዟዟሯቸዋል፤ አድቫይዘር የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ ስም ያላቸው ፕሮፌሰሮች በገጻቸው ላይ «አትጻፉልኝ፣ አመልክታችሁ ስሜን ጥቀሱ» ብለው ይለጥፋሉ። እንዲህ ብሎ ለለጠፈ ሰው መጻፍ ገጹን አለማንበባችሁን ከመመስከር በቀር ጥቅም የለውም።

አንድ የተጨበጠ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። አርባ ምንጭ ወይም ባሕር ዳር በውሃ ምህንድስና ማስተርሷን የጨረሰች አመልካች አለች እንበል። የመመረቂያ ጥናቷን ወደ ጣና በሚፈስሰው በጉማራ ወንዝ ተፋሰስ ላይ፣ ስዋት በሚባለው የሃይድሮሎጂ ሞዴል ሠርታለች። ፍለጋዋን ከየት ትጀምር? ከዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ሰንጠረዥ አይደለም። ከራሷ ቴሲስ የማጣቀሻ ገጽ ነው። እዚያ ላይ ሥራቸውን አንብባ የተጠቀመችባቸው ሰዎች ስም ተደርድሯል። እያንዳንዱን ጽሑፍ ጉግል ስኮላር ላይ ከፍታ «ሳይትድ ባይ» የሚለውን ብትጫን በቅርብ ዓመታት በዚያው ጉዳይ ላይ እነማን እየሠሩ እንደሆነ ታያለች። በብዙ የሳይንስ ዘርፎች የላቡ ኃላፊ ስም የሚመጣው ከደራሲዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ኮከብ ወይም የፖስታ ምልክት ያለበትም የሚጻፍለት ሰው ነው። የመጀመሪያው ስም ብዙ ጊዜ የተማሪው ነው፤ ይህንንም መዝግቡት፣ በኋላ ይጠቅማል።

ከዚያ ወደ ላቡ ገጽ። ለአዳዲስ አመልካቾች የተጻፈ ክፍል ካለ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ፤ አንዳንዶቹ በኢሜይሉ ርዕስ ላይ የተወሰነ ቃል እንድትጽፉ ያዛሉ። ትእዛዙ ያነበበውንና ያላነበበውን መለያ ወንፊት ነው። የአባላቱን ዝርዝር እዩ፤ ሁለት ተማሪ በቅርቡ ከተመረቀ ወንበር ሊከፈት ይችላል። በስማቸው ላይ «ኢሜሪተስ» የሚል ካለ ጡረታ የወጡ ናቸው፣ እለፏቸው። ገና የተቀጠሩ አሲስታንት ፕሮፌሰሮችን ግን አትናቁ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲው ላብ ማቋቋሚያ ሰጥቷቸው ተማሪ የሚፈልጉት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ነው፤ ኢሜይላቸውንም ራሳቸው ያነባሉ። በእኔ ግምት ከኢትዮጵያ ለሚጽፍ ሰው ከዝነኛው አዛውንት ይልቅ ከእነሱ ጋር ዕድሉ ይሰፋል። ስጋቱ ቋሚነት ሳያገኙ ዩኒቨርሲቲ ሊቀይሩ መቻላቸው ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን፣ ኤንኤስኤፍ፣ የሰጣቸውን ግራንቶች በሙሉ ማንም በነጻ በሚፈልግበት ገጽ ላይ ያስቀምጣል። የፕሮፌሰሩን ስም ስታስገቡ የፕሮጀክቱ ርዕስ፣ አጭር መግለጫው፣ የገንዘቡ መጠን፣ የሚጀምርበትና ያበቃል ተብሎ የተገመተበት ቀን ይወጣል። ለጤናና ለባዮሎጂ የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም የኤንአይኤች «ሪፖርተር»፣ ለጀርመን የአገሪቱ የምርምር ፋውንዴሽን የዲኤፍጂ «ጌፕሪስ»፣ ለጃፓን «ካከን» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። መመልከት ያለባችሁ ቀኑን ነው። ዘንድሮ የጀመረ የአምስት ዓመት ግራንት ሰው ይፈልጋል፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚያበቃ ግራንት ግን ያሉትን ተማሪዎች ማስጨረሻ ነው። መግለጫው ደግሞ ፕሮፌሰሩ ለሚመጡት ዓመታት ሊሠሩ ያሰቡትን በራሳቸው ቃል ይነግራችኋል። የታተመ ጽሑፍ ከሁለት ሦስት ዓመት በፊት የተሠራ ሥራ ነው፤ ግራንቱ ግን የነገ ሥራ ነው። በ2025 በአሜሪካ የፌዴራል ግራንቶች ሲሰረዙና ሲቀነሱ አንዳንድ ዲፓርትመንቶች የዶክትሬት ቅበላቸውን ቀንሰዋል፤ ስለዚህ ግራንት አለ ማለት ወንበር አለ ማለት ላይሆን ይችላል፤ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሠላሳ ስም ሰብስባችሁ በዚህ ወንፊት ብታሳልፉ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ይቀራሉ። በኤክሴል ያዟቸው፦ ስም፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ያነበባችሁት ጽሑፍ፣ ግራንቱ የሚያበቃበት፣ የማመልከቻው ዴድላይን፣ የተላከበት ቀን፣ መልስ። ያለዚህ ለአንዱ የጻፋችሁትን ለሌላው መድገም አይቀርም። ከአንድ ዲፓርትመንት ውስጥ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ጻፉ። ቢሯቸው ጎን ለጎን ነው፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ የእርስዎን ዘርፍ እወድ ነበር» የሚለው ኢሜይል ለሦስቱም ከደረሰ በምሳ ሰዓት መሳቂያ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ ወደ ሁለተኛው እለፉ።

ኢሜይሉ ከ150 እስከ 200 ቃል ይበቃዋል፤ ስልክ ላይ ሳይንከባለል የሚነበብ ማለት ነው። በርዕሱ ላይ የምታመለክቱበትን ደረጃና የምትገቡበትን ዓመትና ወቅት («ፎል» በመስከረም አካባቢ የሚጀምረው መንፈቅ ነው)፣ ከጎኑ ደግሞ ጉዳዩን አስቀምጡ፦ «የ2027 ፎል የዶክትሬት አመልካች፣ መረጃ በሌላቸው ተፋሰሶች የፍሰት ሞዴል»። «ሪኩዌስት» ወይም «ስኮላርሺፕ» ብቻ የሚል ርዕስ ሳይከፈት ያልፋል።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆናችሁና ምን እንደምትፈልጉ ይናገር። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ከሰላምታ፣ ከምርቃትና ከአክብሮት ጀምረን ጉዳዩን መጨረሻ ላይ ማምጣት ልማዳችን ነው። በአማርኛ ያማረው ይህ አካሄድ እዚያ ጉዳዩን ይቀብረዋል። «የተከበሩና ዓለም ያወቃቸው ፕሮፌሰር» ማለትም አክብሮት ሆኖ አይነበብም፤ በጅምላ የተላከ ይመስላል። ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ኢሜይል «ፈር ቀዳጅ ሥራዎ እጅግ አስደምሞኛል» የሚል ሆኗል። ሰዋስው ለማረም ተጠቀሙበት፤ ሐሳቡን ግን ከእሱ አትቀበሉ።

ሁለተኛው አንቀጽ የሠራችሁት ነው፤ ዋናው ቦታም እዚህ ነው። ደካማው እንዲህ ይላል፦ «በሃይድሮሎጂ ሞዴሊንግ ጥሩ ልምድ አለኝ፣ ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ»። ጠንካራው ደግሞ፦ «በማስተርስ ጥናቴ የጉማራን ተፋሰስ በስዋት ሞዴል ሠራሁ። ካሉት አምስት የዝናብ ጣቢያዎች ሁለቱ ብዙ የጎደለ መረጃ ስለነበራቸው ክፍተቱን ቺርፕስ በሚባለው የሳተላይት ዝናብ መረጃ ሞልቼ ሁለቱን ውጤቶች አነጻጸርኩ። ወርሃዊው ፍሰት በደንብ ገጠመ፤ የክረምቱ ከፍተኛ ጎርፍ ግን ከተለካው አነሰ፣ ምክንያቱንም ገና እየፈለግኩ ነው»። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ያልተሳካውን መናገር ድክመት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ተመራማሪ የሚፈልገው ግን የት ላይ እንደተሰናከለ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለሚቀጥለው አንቀጽም በር የምትከፍተው እሷ ናት።

ሦስተኛው የእናንተን ሥራ ከእሳቸው ጋር የሚያገናኘው ነው። የጽሑፋቸውን ርዕስ ገልብጦ «በጣም ወድጄዋለሁ» ማለት አያገናኝም፤ ርዕሱን ማንም ያያል። የውጤቱን ክፍል ወይም የምስሎቹን መግለጫ አንብባችሁ አንድ ጥያቄ አውጡ፦ «እዚያ የተጠቀማችሁበት የማረሚያ ዘዴ ተራራማ በሆነና ጣቢያ በሌለበት ቦታ ይሠራ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ»። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጽሑፉን ለመክፈት ክፍያ ከተጠየቃችሁ ደራሲውን ቅጂ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ብዙዎች በደስታ ይልካሉ።

መዝጊያው አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፦ «ለዚህ ዓመት አዲስ ተማሪ የመውሰድ ዕቅድ አለዎት?» ስለ ገንዘብ፣ አይኢኤልቲኤስ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ስለ ቪዛ እዚህ አትጠይቁ። የፈተናና የማመልከቻ ክፍያ ጉዳይ የፕሮግራሙ አስተባባሪ ሥራ ነው፤ እሷ በአንድ ቀን ትመልሳለች፣ ፕሮፌሰሩ ግን ላያውቁት ይችላሉ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ አንዳንድ ቦታ የሬጅስትራር ደብዳቤ ብቻ ይቀበላሉ፣ አንዳንዱ አይቀበልም፤ የምትጠየቀው አስተባባሪዋ ናት።

የስም ነገር ብዙ ሰው ያሰናክላል። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው። ፕሮፌሰር ጆን ስሚዝን «ፕሮፌሰር ጆን» ማለት ለእኛ ትክክል ቢመስልም እነሱ ዘንድ ማዕረግ የሚያያዘው ከቤተሰብ ስም ጋር ስለሆነ «ፕሮፌሰር ስሚዝ» ነው። ቻይናዊ ወይም ኮሪያዊ ስም ሲሆን የቤተሰቡ ስም የትኛው እንደሆነ ከላቡ ገጽ አረጋግጡ። ሴት ፕሮፌሰርን «ዲር ሰር» ማለት በአንድ ቃል ያስወጣል። የራሳችሁን ስም በኢሜይሉ፣ በሲቪው፣ በትራንስክሪፕቱና በማመልከቻው ላይ ልክ በፓስፖርታችሁ እንዳለው ጻፉ። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ ፋይሉ አንዱ ከአንዱ ካልገጠመ ሰነዳችሁ ይጠፋል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። ሐምሌ 2015 የተመረቀ ሰው ሲቪው ላይ 2015 ብሎ ከተወው አንባቢው የስምንት ዓመት ክፍተት ያያል። ሁሉንም ወደ ፈረንጆቹ ቀይሩ። «ግራጁዌት አሲስታንት» የሚለው የዩኒቨርሲቲ ሥራ መጠሪያችንም እዚያ ተማሪ ማለት ነው፤ ከጎኑ «የሙሉ ጊዜ መምህር» ብላችሁ አብራሩ። «ግሬት ዲስቲንክሽን» ለእነሱ ትርጉም ስለሌለው ነጥቡን ከ4.00 ጻፉ። ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታና «ሆቢ» ከሲቪው ይውጡ። ገንዘብ እየተቀበሉ ሳይገመግሙ በሚያትሙ መጽሔቶች ላይ የወጣ ጽሑፍ ካላችሁ ደግሞ ሁለቴ አስቡበት፤ ዘርፉን የሚያውቅ ሰው መጽሔቱንም ያውቀዋል።

አባሪው ሁለት ነው፦ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ሲቪና ኦፊሴላዊ ያልሆነ ትራንስክሪፕት፣ በፒዲኤፍ፣ በፋይሉ ስም ላይ ስማችሁ ተጽፎ። በስልክ ተነሥቶ የጠቆረ፣ ጣት የሚታይበት ስካን አትላኩ። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ፓስፖርት፣ ማኅተም የተደረገበት «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ አያስፈልግም። የድጋፍ ደብዳቤ እዚያ ከእናንተ እጅ አይቀበሉም፤ መምህራችሁ በሚላክላቸው ሊንክ ራሳቸው ያስገባሉ። መምህሩ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል እንዲጠቀሙ አስቀድማችሁ ለምኗቸው፣ በጂሜይል የመጣ ደብዳቤ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። የእናንተ አድራሻ ግን ጂሜይል ይሁን፤ ከተመረቃችሁ በኋላ የግቢው አድራሻ ሊዘጋ ይችላል፣ መልሱም እዚያ ይቀራል።

ወቅቱ ለአሜሪካ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ብዙ ዴድላይኖች የሚውሉት ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 አካባቢ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 እና 15 ላይ ነው። በኅዳር የሚጽፍ ሰው ዘገየ። ጠዋት ቢሮ ሲገቡ እንዲያገኙት ጂሜይል ላይ ሰዓት ቀጥራችሁ መላክ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን የሰዓት ነገር ሰዎች የሚያጋንኑትን ያህል አይደለም። ደካማ ኢሜይል በማክሰኞ ጠዋትም ደካማ ነው። መልስ ካጣችሁ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይታችሁ በዚያው ኢሜይል ሥር ሁለት መስመር አስታውሱ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ ዝም ካሉ መልሱ ዝምታው ነው።

የሚመጣውን መልስ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «እንድታመለክት አበረታታለሁ» የሚለው ብቻውን ከመጣ ጨዋነት ነው፤ ደስ ብሏችሁ ሌላውን አትተዉ። «ቅበላውን የሚወስነው ኮሚቴው ነው» ማለታቸው ማምለጫ ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ቦታ እውነት ነው። «ቴሲስህን ላክልኝ»፣ «ኮድ የምትጽፈው በምንድን ነው?»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት በዙም እንነጋገር» ከመጣ ግን ነገሩ ተይዟል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ መልሱ። «ዘንድሮ ተማሪ አልወስድም» ላሉት ደግሞ አመስግናችሁ የሚወስድ ባልደረባ ያውቁ እንደሆነ በአንድ መስመር ጠይቁ። በሆነ መንገድ «የመቀበያ ደብዳቤ» ለመስጠት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ፣ ደላላም ሆነ ፕሮፌሰር ነኝ ባይ፣ እዚያው ላይ አቁሙ።

ከአሥር ኢሜይል አንድም መልስ ካልመጣ አሥራ አንደኛውን አትላኩ። ግራንቱን አይታችኋል? ወቅቱስ? እነዚህ ደህና ከሆኑ ችግሩ ያለው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው። በዘርፉ ያልሆነ ጓደኛ አስነብቡትና «ይህ ሰው ምን ሠራ?» በሉት። መመለስ ካቃተው እንደገና ጻፉት።

የዙም ውይይቱ ብዙ ጊዜ 20 ወይም 30 ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ከመጀመሩ በፊት በሰዓቱ ላይ ነው። የኒውዮርክ ከጠዋቱ 9 ሰዓት እኛ ጋ በጥቅምት ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን እነሱ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 11 ሰዓት ይሆናል። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ለእነሱ አትጻፉላቸው፤ በእነሱ ሰዓት አረጋግጡ። መብራትና ኔትወርክ ሊቋረጥ ስለሚችል ስልካችሁ በዳታ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፣ ቢቋረጥ ወዲያው በኢሜይል እንደምታሳውቁ በመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሩ። ቴሲሳችሁን ያለ ስላይድ በሦስት ደቂቃ ማስረዳት ተለማመዱ። «እንደገና ብትሠሪው ምን ትቀይሪያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። የገንዘቡን ጥያቄ የምታነሡት እዚህ ነው፦ ተማሪዎችዎ በምን ይከፈላሉ? በክረምቱ ወራትስ? ስንት ዓመት ይፈጃል? ከዚያ አሁን ካሉት ተማሪዎች አንዱን ማነጋገር እንደምትፈልጉ ጠይቁ፤ ቀድማችሁ የመዘገባችሁት የመጀመሪያ ደራሲ እዚህ ይጠቅማል። ፕሮፌሰሩ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ያዝዙ እንደሆነ የሚነግራችሁ ተማሪው ብቻ ነው።

ወደ ሌላ አገር የሚያስቡም አሉ። ካናዳ በቴሲስ ማስተርስም ቢሆን በሳይንስና ምህንድስና ብዙ ቦታ አስቀድሞ ሱፐርቫይዘር ይጠይቃል። ስዊድን፣ ኖርዌይና ኔዘርላንድስ ዶክትሬት በአብዛኛው በማስታወቂያ የሚወጣ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ ያልተጠየቀ ኢሜይል ከመላክ ማስታወቂያውን መከታተል ይሻላል። ሜክስት ለሚባለው የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ በኤምባሲ በኩል ስታመለክቱ ፕሮፌሰሩን የጊዜያዊ ቅበላ ደብዳቤ የምትጠይቁት የመጀመሪያውን ማጣሪያ ካለፋችሁ በኋላ ነው፤ ማለፊያ ወረቀቱን ሳትይዙ ብትጠይቁ ላይሰጧችሁ ይችላሉ።

ካመለከታችሁ በኋላ የማመልከቻ ቁጥራችሁን በአንድ መስመር ላኩላቸው፤ ከማመልከቻው ጋር በሚገባው የዓላማ መግለጫ (ስቴትመንት) ውስጥም ስማቸውንና የተነጋገራችሁበትን ጉዳይ ጥቀሱ። የማመልከቻው ክፍያ በዶላር ካርድ ስለሆነ ዴድላይኑ ሳይደርስ መላ ፈልጉለት፤ ውጭ ያለ ዘመድ በራሱ ካርድ ቢከፍል የከፋዩ ስም ከአመልካቹ መለየቱ ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። ነጻ እንዲደረግላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ነው፤ የተከፈለ አይመለስም።

ከሁለት ቦታ ቅበላ ካገኛችሁ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ላለው ቅበላ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም ሚያዝያ 7 ድረስ መወሰኛ ጊዜ ይሰጣሉ። የመረጣችሁትን ባረጋገጣችሁ ዕለት ላልመረጣችኋቸው ፕሮፌሰርም ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምስጋና፣ የምትሄዱበት ቦታ፣ ለወደፊት አብሮ የመሥራት ፍላጎት። ያ ወንበር በተጠባባቂነት ላለ ሌላ ሰው የሚለቀቀው እናንተ ስትመልሱ ነው።